መቂ ድረስ የወሰደኝ ቃል

በቃል ጉዳይ ጥብቅ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ልኩራራበት ብዬ አይደለም፤ ከዚህ ቀጥዬ የምተርከው ሁሉ ከዚሁ ጠባዬ የመነጨ ስለሆነ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአዳማ ኬሚስትሪ ሳስተምር፣ አንድ ተማሪ «ውኃ ጨመርሁበት» ብሎ ከጻፈ፣ ከአጠገቡ በቀይ ቀለም «ምን ያህል?» ብዬ ሳልጽፍ ደብተሩን መልሼለት አላውቅም። በዚህም የተነሣ «ምን ያህል» የሚል ቅጽል ስም ወጣልኝ። ዛሬም ሽበት ያወጡ ሰዎች በገበያ መካከል «ቲቸር ምን ያህል መጣ» ሲባባሉ እሰማለሁ። እኔ የምቀየመው በቅጽል ስሙ ሳይሆን «ቲቸር» በሚለው ነው፤ «መምህር» የሚል ደህና ቃል አለን።

ሰባ ሁለት ዓመት በሞላኝ ዓመት አንጀቴ ተዘጋ። ቀዶ ሐኪሙ የታመመውን ክፍል ቆርጦ ካስወገደ በኋላ የቀረውን ጫፍ በሆዴ ግራ በኩል ወደ ውጭ አውጥቶ ከረጢት ገጠመበት። ቁስሉ ከጠገገ በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ቀን፣ የምርመራውን ውጤት ሲነግረኝ «ካንሰር» የሚል ቃል ተጠቀመ።

«ነቀርሳ ማለትዎ ነው» ብዬ አረምሁት።

ወጣት ነው፤ አልተቆጣም። «እሺ አባቴ፣ እንዳሉት» አለና ቀጠለ። ወደ ጉበቴ ተሻግሯል። ከሥሩ ነቅሎ ማዳን አይቻልም፤ በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት ግን ማቆየት ይቻላል።

«ምን ያህል?»

«በቁጥር ልነግርዎት አልችልም። ከሰው ሰው ይለያያል። መድኃኒቱም የራሱ ድካም አለው። እስከ ሰኞ ያስቡበትና ይወስኑ።»

ለባለቤቴ ለአስካለ የጉበቱን ነገር አልነገርኋትም። «መድኃኒት ልጀምር አልጀምር እያሰብሁ ነው» ብቻ አልኋት። በበነጋው አንድ አዲስ ደብተር ገዝቼ ጥያቄዎቼን በተራ ቁጥር ጻፍሁ። ከረጢቱ በሚኒባስ ውስጥ ሲሞላ ምን ይደረጋል? መድኃኒቱ ከተሰጠ በስንተኛው ቀን ነው ሰውነት የሚከዳው? ምግብ ሲጠላ ምን ይበላል? አሥራ ሁለት ጥያቄዎች ሆኑ። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። እነዚህን ለሐኪም ማቅረብ ይቻል ነበር፤ ሐኪሙ ግን የሚያውቀው ከውጭ ሆኖ ነው። እኔ የፈለግሁት ከውስጥ ሆኖ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። አንድ ብቻ።

ምሥጢሬን የሚያውቅ የሰፈራችን ባለሱቅ ጀማል ነው። ከእሱ ሱቅ የምገዛው ጥጥ ቢበዛበት ጊዜ «ጋሼ፣ ፍራሽ ሊሠሩ ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ ስለ ከረጢቱ እውነቱን ነግሬው ነበር። ረቡዕ ማታ ደግሞ «የአንጀት ነቀርሳ ያለበት ሰው ብታገኝ አገናኘኝ» ብዬው ነበር። ደብተሩን የገዛሁ ዕለት ከሱቁ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ሰውዎ ተገኘ። መቂ ነው። ሽንኩርት የሚያመጣልኝ ሾፌር ነው የነገረኝ። ገመቹ የሚባል ደላላ፣ የአንጀት ነቀርሳ ነበረበት። እንደርስዎ ከረጢት ሁሉ ነበረው። አሁን ከጫኞች እኩል ጆንያ ሲያነሳ ይውላል።»

«ነበረበት ነው ያልኸው?»

«ነበረበት። ድኗል።»

«በምን?»

«በክኒን ነው አሉ።»

ኬሚስት ነኝ፤ ተስፋ ማስረጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ከዚያ ሱቅ እስከ ቤቴ ያለውን መንገድ እንዴት እንደተራመድሁ አላስታውስም። በክኒን የዳነ ሰው ካለ፣ ሰኞ ሐኪሙ ፊት ቀርቤ «አልጀምርም» ማለት እችላለሁ። ይህ ነበር በልቤ የነበረው።

ዓርብ ጠዋት ከረጢቱ እንዳይሞላ ምንም ሳልቀምስ ተነሣሁ። ለአስካለ «የድሮ ተማሪ ልጠይቅ መቂ ደርሼ እመጣለሁ» አልኋት። ትንሽ አየችኝና «ባርኔጣህን አትርሳ» አለች። ሞጆ ላይ መኪና ቀይሬ ረፋዱ ላይ መቂ ደረስሁ።

የሽንኩርት መጫኛው ቦታ ለመፈለግ አያስቸግርም፤ ሽታው ይመራል። አንድ አይሱዙ የኋላ በሩን ከፍቶ ቆሟል፤ ጫኞች ቀይ የመረብ ጆንያ በትከሻቸው እያመላለሱ ይወረውራሉ። በመካከላቸው ሁለት ስልክ በሁለት እጁ የያዘ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰፊ ሰው በአንዱ በአማርኛ፣ በሌላው በኦሮምኛ ይጨቃጨቃል። ወደ እሱ ስጠጋ ከጫኞቹ አንዱ አየኝና ጮኸ።

«ዶክተር ገመቹ፣ ታካሚ መጥቶልሃል።»

ሌላውም ተቀበለው። «ካርድ አውጥተዋል ወይ በላቸው።»

ሰውየው ስልኮቹን ኪሱ ከተተና በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «አካም ጂርቱ አባባ። እነሱን ተዋቸው፤ ባለጌዎች ናቸው። ስለ ሆድ ነው የመጡት?»

«ስለ ሆድ ነው። በምን አወቅህ?»

«እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው ነው የሚሄዱት። እኔም እንዲያ ነበርኩ።»

ይህን ሲለኝ ደስ አለኝ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ በትክክል ያየኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ከአንድ ግራር ጥላ ሥር ወንበር አስመጣልኝ፤ እሱ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ደብተሬን አወጣሁ።

«ክኒኑን የወሰድኸው ለስንት ጊዜ ነው?»

«ስምንት ወር።»

«ከየት?»

«ከጤና ጣቢያ። በየቀኑ ጠዋት እሄዳለሁ፤ እነሱ እያዩኝ እውጣለሁ።»

«ዋጋው?»

«በነፃ ነው አባባ።»

ብዕሬ ቆመ። በዚህ አገር እኔ ላለብኝ በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት በነፃ፣ ያውም በየማለዳው በጤና ጣቢያ ሰው ፊት አይዋጥም። እንዲህ የሚዋጥ ሌላ መድኃኒት አውቃለሁ። ታላቅ ወንድሜ በጎልማሳነቱ ወስዶታል፤ በተማሪዎቼም ፊት የቀለሙን ነገር ደጋግሜ አስረድቻለሁ። ቀጣዩን ጥያቄ ባልጠይቅ ኖሮ ተስፋዬን ይዤ ወደ አዳማ እመለስ ነበር። ለጥቂት ጊዜ የሽንኩርቱን ክምር እያየሁ ቆየሁ። በመጨረሻ ግን የማወቅ ጉጉቱ በለጠብኝ።

«ሽንትህን ምን ዓይነት ቀለም ያደርገው ነበር?»

ገመቹ ቀና አለ። «ቀይ። እንደ ቀይ ሥር ውኃ።»

«እንግዲያው ያንተ ቲቢ ነበር።»

ዞር ብሎ ወደ ጫኞቹ ተመለከተ። «ኦቦ፣ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉ።»

ጆንያ ሲወረወር ይሰማል። ከዚያም አጎንብሶ በሹክሹክታ መናገር ጀመረ።

«እዚህ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ቲቢ ቢባል ማን እጁን ከእጄ ጋር ይሰዳል? የጤና ጣቢያው ልጅ የአንጀት ስለሆነ አይተላለፍም ብሎኛል። ሰው ግን ይሰማል እንዴ? ሐኪሙ በአማርኛ ሲነግረኝ የአንጀት ነቀርሳ ነው አለኝ። እኔም ለሰው ነቀርሳ አልኩ። ሰው ሲሰማ ካንሰር መሰለው። እኔ ዝም አልኩ። ካንሰር አይተላለፍማ።» ጥቂት አሰበ። «አልዋሸሁም አባባ።»

«አልዋሸህም» አልሁት።

እውነቱን ነው። በአማርኛችን ሳንባ የሚያመነምነውም ነቀርሳ ነው፤ እኔን የያዘኝም ነቀርሳ ነው። ቃሉ ሁለቱንም ይሸፍናል። እሱ ከቃሉ በአንደኛው በር ገብቶ ተደበቀ። እኔ ደግሞ ሐኪሙን ያረምሁት ለአማርኛ ተቆርቁሬ ነው ብዬ አምን ነበር። እዚያ ግራር ሥር ተቀምጬ ሳስበው፣ «ካንሰር» የሚለውን ቃል ከአፌ ለማውጣት ፈርቼ በሌላኛው በር መግባቴ ታየኝ። አንድ ቤት ውስጥ ተደብቀን ነበር የተገናኘነው።

«ከእኔ በፊት ስንት ሰው መጣብህ?»

«እርስዎ አምስተኛ ነዎት። ሩቅ ነው የሚመጡት። እንዴት እመልሳቸዋለሁ? ሻይ አጠጥቼ፣ አይዞህ እግዜር ያውቃል እላለሁ።» መሬቱን በእግሩ ጫፍ ጫረ። «አንዷ ግን እንቅልፍ ነሥታኛለች። ባቱ ያለች ልብስ ሰፊ ናት፤ ከድጃ ትባላለች። የእሷ የእውነት ነው፤ እንደርስዎ። አዳማ መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ወስዳለች። እኔ ጋ ከመጣች በኋላ አቆመች አሉ። አራት ወር ሆናት።»

«በአንተ ምክንያት?»

«እንጃ። አልጠየቅኳትም። ፈራሁ።»

ተስፋዬ ከሞተ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላውም ነበር፤ ሐዘን ላይ መቀመጥ የነበረብኝ ሰው ነኝ። ነገር ግን አንድ ሌላ ነገር ቀስቅሶኝ ነበር። ከዚያ በመኪና ግማሽ ሰዓት ርቀት ላይ የእኔ በሽታ ያለባት፣ የምፈልገውን ሁሉ ከውስጥ ሆና የምታውቅ ሴት ተቀምጣለች። እሷም እኔ ልሳሳተው በነበረው ስሕተት ሕክምናዋን ጥላ ይሆናል።

«ተነሣ፣ እንሂድ» አልሁት።

«አሁን? አይሱዙው እየተጫነ ነው እኮ።»

«አሁን።»

ስልኮቹን አየ፤ ከዚያ አንዱን ለጫኞቹ አለቃ ወረወረለት። «ዶክተሩ ለቤት ለቤት ሕክምና ወጡ» ሲል አንዱ ከኋላችን ሰማሁት።

ባቱ ደርሰን ባጃጅ ይዘን ገባን። የከድጃ ሱቅ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ የልብስ ስፌት መኪናዋ ከበሩ አጠገብ ለብርሃኑ ተጠግታ ተቀምጣለች። አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ሻርፗን ከአንገቷ ሥር ያሰረች ቀጭን ሴት የተማሪ ደንብ ልብስ ትሰፋለች። መቀሷ ላይ ዓይኔ ዐረፈ፤ እጀታው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ገመቹ በሩ ላይ እንደቆመ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ ተናዘዘ።

«ከድጃ፣ የእኔ ካንሰር አልነበረም። ቲቢ ነበር። እኚህ መምህር ደረሱበት። አፉ በይኝ።»

እግሯ ከመርገጫው አልተነሣም። ስፌቱን እስከ ጫፉ አደረሰችና ክሩን በጠሰች።

«አውቄያለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንተ ጋ ከመጣሁ በሳምንቱ ሐኪሙን በስልክ ጠይቄው ነበር። አንተ በክኒን ድነህ እኔ በመርፌ የምሰቃየው ለምንድን ነው አልኩት። የእሱ ሌላ ነው አለኝ።» ወደ እኔ ዞረች። «ይቀመጡ አባቴ። እርስዎስ የትኛው ነዎት?»

«የአንጀት ነቀርሳ ነው ያለብኝ።»

«ነቀርሳ አይበሉ። ነቀርሳ ሲሉ ገመቹም ይገባበታል።»

በሕይወቴ በቃል አጠቃቀም ሰው አርሞኝ አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንም። «ካንሰር» አልሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ያሰብሁትን ያህል አልከበደም።

«ታዲያ እርስዎ ስለ እሱ ካወቁ ሕክምናውን ለምን አቋረጡ?» ስል ጠየቅኋት።

«አንቺ ይበሉኝ፤ አባቴ ይሆናሉ።» መርፌዋን ሻርፗ ላይ ሰካች። «ሰለቸኝ። ሕመሙ አይደለም፣ ብቻዬን መሆኑ። ኮሪደሩ ላይ ከአጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ምንዎን ነው ስለው ጨጓራ ይለኛል። ወዲያ ማዶ ያለችዋን ስጠይቃት ጨጓራ። ወላሂ አንድ ቀን ስምንት ሰው ጠየቅኩ፤ ስምንቱም ጨጓራ። በካንሰር የታመምኩት በአገሩ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው።»

ገመቹ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ረቡዕ ዕለት በዚያው ኮሪደር ላይ አንዲት እናት «ምን ሆነው ነው ወንድሜ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ምን ያህል?» ስል የኖርሁት ሰው፣ የመለስሁላት «ጨጓራዬን» ብዬ ነው። ይህንኑ ነገርኋት።

«ይኸው ዘጠኝ ሆኑ» አለች።

ደብተሬን አወጣሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ሁለት ሰዓት በዕድሜዬ ካለፉት ትምህርቶች ሁሉ የላቀ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ተማሪው ግን እኔ ነበርሁ። መቀሱ በጨርቅ የተጠቀለለው፣ መድኃኒቱን ከወሰደች በኋላ ቀዝቃዛ ብረት ስትነካ ጣቷን በመርፌ እንደመወጋት ስለሚያደርጋት ነው፤ ቀዝቃዛ ውኃም ጉሮሮዋን ይቆነጥጣት ነበር። «ከጥቂት ቀን በኋላ ይተዋል። ሐኪሙ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን እስኪደርስብኝ አላመንኩም» አለችኝ። ሰውነቷ የሚከዳት በሦስተኛው ቀን ነው፤ በሰባተኛው ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። ሩቅ መንገድ ስትሄድ ከዋዜማው ጀምሮ ባቄላና ጎመን አትቀምስም። ስለ ሶላት የመስጊዳቸውን ሼህ ጠይቃ፣ ለእያንዳንዱ ሶላት እንደገና ውዱእ እያደረገች እንድትሰግድ ነግረዋታል።

«እርስዎስ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ያደርጋሉ?»

«አልሄድም።»

«አባትዎን ጠይቀዋቸዋል?»

አልጠየቅሁም ነበር። ጥያቄ ሙያዬ ሆኖ ሳለ ይህን አንዱን ለንስሐ አባቴ ማቅረብ አፍሬ ወራት አሳልፌያለሁ።

ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ገጹን አገላበጠችና በጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመች። «ይኼ የተሰረዘውስ?»

«እሱ ቀርቷል።»

ወደ ብርሃኑ አስጠግታ ከመስመሩ ሥር ያለውን አነበበች። «ለሚስት ምን ያህሉ ይነገራል?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ገመቹ በር ላይ ሄዶ ባጃጆቹን ማየት ጀመረ።

«እኔ ለባሌ ግማሹን ነው የነገርኩት» አለች። «ግማሹን ሲያውቅ የቀረውን ራሱ ይሠራዋል። እሱ የሠራው ከእውነቱ ይብሳል። አሁን ሁሉንም ነግሬዋለሁ። በነገርኩት ቀን፣ ከታመምኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ምሳ በላን።»

ልነሣ ስል ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። «ቆይ፣ ልክዎን ልውሰድ። ያ ከረጢት ሲሞላ ይጎትትዎታል፤ እጅዎን የማያነሡት ለዚያ ነው። ለራሴ የሠራሁት መያዣ ቀበቶ አለኝ፤ ከስስ ጨርቅ ነው፤ አይሞቅም።» በወገቤ ዙሪያ ሜትሩን አሳለፈች። ሰው እዚያ አካባቢ ሲነካኝ እጠላ ነበር፤ የእሷ እጅ ግን ሥራ የሚያውቅ እጅ ነው።

«ምን ያህል ሆነ?»

«ሰማንያ አራት።» ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፈችው። «ሰኞ ይዤልዎት እመጣለሁ።»

«ሰኞ ወዴት?»

«አዳማ ነዋ። እርስዎ አይጀምሩም እንዴ? እኔም ያቋረጥኩትን ልጠይቃቸው፤ ከተቀበሉኝ ከአጠገብዎ እቀመጣለሁ።»

ከበሩ ላይ ገመቹ ዞረ። «ሰኞ ጠዋት ለአዳማ የምጭነው አለ። ጋቢናው የእሷ ነው።»

ማምሻውን ቤት ስገባ አስካለ ባርኔጣዬን ተቀበለችኝ። ሳልቀመጥ «ካንሰሩ ጉበቴ ላይ ደርሷል» አልኋት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«አንተው። ረቡዕ ከሐኪም ስትመለስ ያን ትልቁን የጤና መጽሐፍ አውጥተህ ነበር። ስለ ጉበት የሚለው ላይ ገጹን አጥፈህ መለስኸው። አርባ አራት ዓመት አብሬህ ስኖር መጽሐፍ ስታጥፍ አይቼህ አላውቅም።» ባርኔጣውን ሰቀለችና ማዕዱን አቀረበች። ከጠዋት ጀምሮ ምንም ያልቀመስሁ ሰው ነበርሁ። አብረን በላን።

ሰኞ ጠዋት ኮሪደሩ እንደ ወትሮው ሞልቷል፤ ሁሉም ካርዱን ይዞ መሬት መሬት ያያል። አስካለ በቀኜ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት የምትሸተው ከድጃ በግራዬ ተቀምጠዋል። ቀበቶው ከሸሚዜ ሥር ታስሯል፤ ሁለት እጆቼ ጉልበቴ ላይ ነበሩ። ተነሥቼ ቆምሁ። የክፍል ድምፄን ካወጣሁ ዓመታት አልፈዋል።

«ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ የአንጀት ካንሰር አለብኝ። ይህችም እኅቴ አለባት። ከእናንተ መካከል ይኸው ሕመም ያለበት ቢኖር፣ እዚህ ከእኛ ጋር ቢቀመጥ ደስ ይለናል።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከድጃ ሸሚዜን ጎተት አድርጋ ልታስቀምጠኝ ስትል፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ካፖርት የለበሰ ጎልማሳ ሰው ካርዱን ከአግዳሚው ላይ አነሣ። በሰዎች እግር መካከል እየተሻገረ መጣና ከፊታችን ቆመ።

«ጨጓራ ነበርኩ» አለ። «ፈቀቅ በሉልኝ።»

አንባቢ ሆይ፣ በሽታዬ ዛሬም አለ። እኔም አለሁ፤ ምን ያህል እንደምቆይ የሚነግረኝ የለም፤ መጠየቁንም ትቻለሁ። ከድጃን ሐኪሞቹ እንደገና ተቀብለዋታል። አሁን ስድስት ሆነናል። ገመቹም ስለ ሆድ የሚመጣ ሰው ሲያገኝ በመጀመሪያ የራሱ ቲቢ እንደነበር ነግሮ፣ ቀጥሎ የእኔን ስልክ ይሰጠዋል። ጫኞቹ ይህን ከሰሙ በኋላ ምን አሉት ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከአንድ ትሪ መብላታቸውን አልተዉም፤ ቅጽል ስሙን ብቻ ከ«ዶክተር» ወደ «ሪፈር» ለውጠውታል።

ለአማርኛ ያለኝ ክብር አልቀነሰም። ነገር ግን ቃል ሰው ሊደበቅበት የሚችል ቤት መሆኑን ተምሬያለሁ። ሐኪም «ነቀርሳ» ቢላችሁ «የትኛው?» ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞ አንድ ሰኞ በዚያ ኮሪደር ስታልፉ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ያደረገ አንድ ሽማግሌ «ምንዎን ነው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ እባካችሁ «ጨጓራ» አትበሉኝ።